ቀለም ተቀብቶ የመጣ ጭፍራ

ሰው ለፕላስቲክ ብሎ መዶሻ ያነሳል? እኔ አንስቻለሁ። በ2013 ግንቦት ውስጥ፣ ወልድያ፣ ኣፅብሃ ቤት፣ ሳሚራ ከካርቶን ያወጣቻቸውን የፕላስቲክ ወታደሮች ጠረጴዛው ላይ አሰልፌ ጭንቅላት ጭንቅላታቸውን ብያቸዋለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ ሳሚራ እጄን ነከሰችኝ። መዶሻውን ብለቀው ኖሮ እሷ ላይ ያርፍ ነበር፤ ያዳነን ኣፅብሃ ነው፣ መሃላችን ገብቶ።

ሦስት ነበርን። እኔ፣ ደጀን፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ሳሚራ የመርሳ ልጅ ናት፣ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር። ኣፅብሃ ደግሞ ከአባቱ የወረሰው የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበረው። አባቱ ከዓዲግራት መጥተው ወልድያ ላይ ከበዱ፣ ወለዱ፣ ተቀበሩ። ኣፅብሃ ከወልድያ ሌላ አገር አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት እሱ ሳሎን ተሰብስበን ጦርነት እንጫወት ነበር። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም። ጭፍራ እንላቸዋለን። በማስመሪያ እየለካን እናራምዳቸዋለን፣ ማን እንደሚሞት ዳይስ ይወስናል። አንድ ሕግ ነበረን፦ ያልተቀባ አይዋጋም። ወታደሩ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ራቁቱን የእርሳስ ብረት ነው፤ ፊቱን፣ ቀበቶውን፣ የጥይት ከረጢቱን የምትቀባለት አንተ ነህ። በቀባኸው መጠን ሲሞትብህ ያንገበግብሃል። ጨዋታው ይኸው ነው።

የጭፍራው ሠሪዎች ይህን አጠፉት። ከእንግዲህ እርሳስ የለም፣ ፋብሪካ ቀብቶ የሚልከው ፕላስቲክ ብቻ ነው አሉ። የዓለም ቀቢ ሁሉ በቴሌግራም አበደ። አንዱ ጭፍራውን በሙሉ መጥበሻ ላይ አቅልጦ ቪዲዮውን ለቀቀ። እኔ ከቡድኑ እስክባረር ተሳደብኩ። ሳሚራ ግን በዱባይ ባለችው እህቷ በኩል አንድ ካርቶን አስመጣችና "እኔ የመጣሁት ልዋጋ እንጂ ልቀባ አይደለም" አለች። ካርቶኑን ስትከፍተው የአንዱ ወታደር ዓይን ጉንጩ ላይ ተቀብቷል። መዶሻውን ያነሳሁት ያኔ ነው።

ኣፅብሃ እንደኔ አልጮኸም፣ እንደሷም አልተደሰተም። የተረፉትን ሰብስቦ የፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፈዘፋቸው። በማግስቱ በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ የፋብሪካውን ቀለም ገፈፈና እንደ አዲስ ይቀባቸው ጀመር። ለዚሁ ሲል ወራቱን ሙሉ ሱቁ በር ላይ ቆሞ በአስፋልቱ የሚያልፈውን ሠራዊት ሲያይ ከረመ፤ የዝንጉርጉሩን ቅርጽ፣ የእጅጌውን አጠቃለል፣ መሣሪያው ትከሻ ላይ የሚውልበትን። "ይሄ ዓይንህ ያስገድልሃል" አልኩት። ሳቀብኝ።

ነሐሴ ሲገባ ከባዱ መሣሪያ ደረሰ። መጀመሪያ ከቆቦ በኩል ይጉረመረም ነበር፤ ኋላ ከሐራ አቅጣጫ ጎረቤት በር የሚያንኳኳ ያህል ቀረበ። አንድ ረፋድ ላይ ከኣፅብሃ ቤት ፊት ለፊት ያለው ግቢ ላይ መድፍ ወደቀ። ጎረቤቱ ቡርቱካን ልብስ እያጠበች ነበር። ስንደርስ ሳፋው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ እሷን ደግሞ በአንሶላ ለቅመን ነው ያነሳናት። ባሏ ጀብሪል እግሯን አቅፎ አልሰጥም አለ። ለቀብር ያስጣልነው በጉልበት ነው።

የዚያኑ ዕለት ለመውጣት ወሰንን። ሳሚራ ሚኒባስ አገኘች። ኣፅብሃ ሱቁን ቆልፎ ሲመጣ በእጁ የያዘው የጭፍራውን ካርቶን ብቻ ነበር።

"ልብስህስ?" አልኩት።

"አለ ቤት።"

"ወርቅህ፣ የሱቁ ወረቀት፣ ምንስ ቢሆን? ሰው ከእሳት ፕላስቲክ ይዞ ይወጣል?"

"ቀብቼዋለሁ እኮ" አለኝ። ልመታው ነበር። ሳሚራ ካርቶኑን ተቀብላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችውና "አሁን ለዚህ ጊዜ የለንም" አለች።

ለምን እንደሚሸሽም ጠይቄዋለሁ። የሚመጡት ትግሬዎች ናቸው፤ ምን ያደርጉሃል? ብዬ። "ብሄድ እነሱ ለምን ሸሸህ ይሉኛል፣ ብቀር እናንተ ስትመለሱ ለምን ቀረህ ትሉኛላችሁ። ከናንተ ጋር ይሻለኛል" አለ። እናንተ ማለቱ አበሳጨኝ፤ ግን ልክ ነበር። ከወልድያ እስከ ደሴ መንገዱ በኬላ ተሞልቷል፣ መታወቂያው ላይ ደግሞ ስሙ ተጽፏል። እሱን ደሴ ማድረስ የኛ ሥራ ሆነ። ሌላ ምንም ነገር አላሰብንም።

መሃላችን አስቀመጥነው። ሲሪንቃ ላይ አንዱ ኬላ ጠባቂ መታወቂያውን አይቶ በጥፊ መታው፣ ሌላው "የአቶ ገብረ እግዚአብሔር ልጅ ነው፣ ቆርቆሮ በዱቤ የሰጠን" ብሎ አሳለፈን። መርሳ የሳሚራ አገር ስለሆነ እሷ ወርዳ ስትጨቃጨቅ ለቀቁን። ከመርሳ ወጥተን ወደ ውርጌሳ ስንቃረብ ግን ገመድ ተዘርግቶ አገኘን። ከገመዱ ወዲህ ቦዩ ውስጥ አንድ ሰው በፊቱ ተደፍቷል። ጫማው የለም፣ የራስ ቅሉ ከኋላ ገብቷል። ዝናብ ሲያጥበው ስላደረ ደሙ እንኳ አይታይም።

ዱላና መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ከበቡን። ክላሽ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ሳሚራ አየችውና ነፍሷ መለስ አለ። "ሙላቱ ነው፣ ታፔላ ጸሐፊው። የአባቴን ሱቅ ታፔላ የጻፈው እሱ ነው" አለችን በሹክሹክታ።

መታወቂያዎቹን ሰበሰቡ። አንዱ ጎረምሳ የኣፅብሃን ስም ጮክ ብሎ አነበበው። ወዲያው በአንገትጌው ይዘው ከመኪናው አወረዱት፤ ወርዶ ሳይጨርስ ጀርባው ላይ ዱላ አረፈበት። ተንበረከከ። እኔ ስወርድ አንዱ መጥረቢያ ደረቴ ላይ አስደግፎ ቁም አለኝ።

"አያ ሙላቱ" አለች ሳሚራ። "ያወቁኝ አልመሰለኝም። የሐጂ ሙሐመድዘይን ልጅ ነኝ። የሱቃችንን ታፔላ የጻፉልን አንቱ አይደሉ?"

ሙላቱ አያት። "ሳሚራ? አባትሽ ደህና ናቸው?"

"አልሐምዱሊላህ። ይሄ ሰው የወልድያ ልጅ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ወላሂ ክፉ አልወጣውም። እየሸሸ ነው እንደኛ።"

ሙላቱ እጁን አነሳና ዱላው ቆመ። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ይህን የምለው እየመረረኝ ነው። "ዕቃ ፈትሹና ይለፉ" አለ። ፈተሹ። ካርቶኑ ከሳሚራ ሻንጣ ወጣ። በጥጥ የተጠቀለሉት ወታደሮች አንድ በአንድ ሲገለጡ ጎረምሳው ፊቱ ተለወጠ።

"የኛ ልብስ ነው። የሠራዊቱ ልብስ ነው ይሄ። ሠራዊቱን ሥሎ ሊወስድላቸው ነው።"

ኣፅብሃን ፊቱን በእርግጫ አሉት። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማኝ። እንደገና ሊመቱት ሲሉ ሳሚራ ጮኸች።

"የልጄ መጫወቻ ነው። እህቴ ከዱባይ የላከችው። ኧረ ካርቶኑን እዩት፣ የቻይና ጽሑፍ አለበት። ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ፋብሪካ ነው የሚቀባው።"

ልጅ የላትም። ከመቼውም በላይ የወደድኳት ያኔ ነው። ሙላቱ ካርቶኑን ተቀብሎ ፎቶውን አየ፣ ጽሑፉን አየ። ፕላስቲክ መሆናቸውን በጥርሱ ነክሶ አረጋገጠ። "አሻንጉሊት ነው" አለ። ጎረምሶቹ ግን ንዴታቸው አልበረደም፤ ካርቶኑን አስፋልቱ ላይ ገልብጠው በጫማቸው ጨፈጨፉት። የወራት ሥራው ሲሰባበር ኣፅብሃ ከአፍንጫው ደም እያንጠባጠበ ዝም ብሎ አየ። በልቤ ጎበዝ አልኩት። ተረፍን ብዬ ነበር።

ሙላቱ እጁ ላይ ግን አንድ ወታደር ቀርቷል። ወደ ብርሃኑ አድርጎ አገላበጠው። ዕድሜውን በብሩሽ የኖረ ሰው ነውና ያየው ነገር ያዘው። ክላሹን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ጎንበስ አለ፣ ሌላ ነገር ሁሉ የረሳ መሰለኝ።

"እነዚህ ፋብሪካዎች ጉድ ናቸው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አያችሁት? ቀለም እኮ አይደለም። ደርቆ የተሰነጠቀ የእውነት ጭቃ ነው። በምን ይሆን እንዲህ ያደረጉት?"

"ጡብ ነው" አለ ኣፅብሃ።

መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ አፍንጫው ተሰብሮ፣ ፊቱ በርቶ ነበር። ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ኖሯል። እኔና ሳሚራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀነው አናውቅም፤ እኔ ስሳደብ፣ እሷ ለመዋጋት ስትጣደፍ።

"የተቃጠለ ጡብ። በእናቴ ሙቀጫ እወቅጠዋለሁ፣ በሻሽ እነፋዋለሁ። ከዚያ በኮላ ነው። ኮላው ሊደርቅ ሲል ነው የሚነሰነሰው፤ ከዘገዩ አይሰነጠቅም።"

ሳሚራ ዓይኗን ጨፈነች። የሙላቱ ፊት ላይ መጀመሪያ የታየው አድናቆት ነው። እምላለሁ፣ አድናቆት ነበር። ከዚያ የሰማው ነገር ገባው።

"ፋብሪካው አንተ ነህ?" አለ ጎረምሳው።

የመጥረቢያ እጀታ የኣፅብሃ ጉልበት ላይ አረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። እኔ መጥረቢያ ደረቴ ላይ ያስደገፈውን ሰውዬ በጭንቅላቴ መትቼ ጥዬው ሄድኩ፤ ጎረምሳውን ጉሮሮውን ይዤ ጣቶቼ ሥጋው ውስጥ ሲገቡ ይሰማኝ ነበር። ሊሞትልኝ ትንሽ ሲቀረው ከጎኔ ድንጋይ አፌን አገኘኝ። ጥርሶቼን ዋጥኳቸው። መሬት ላይ ሆኜ የኣፅብሃን ድምፅ ሰማሁ።

"እነሱን ተዉአቸው። አላውቃቸውም። መኪና ላይ ነው የተገናኘነው። ሴትዮዋን እንድትዋሽልኝ የለመንኳት እኔ ነኝ፣ ሰውየው ደግሞ ዕብድ ነው።"

ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ዋጋ ሲናገር እንደሚሰማው። ወደ ቦዩ ጎተቱት። ሙላቱ "ቆዩ፣ ለወረዳ እናስረክበው" አለ። ደገመው። አንዱ "ወንድሜን ማን አስረከበልኝ?" ብሎ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ አነሳ። ጥይት አላባከኑበትም። ደጋግመው ሲመቱት የመጀመሪያው ጩኸት የሰው ነበር፣ ቀጥሎ የመጣው የሰው አይመስልም፣ ከዚያ የሚሰማው የድንጋዩ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሳሚራ "ኢና ሊላሂ" እያለች ከላዬ ተደፍታ ፊቴን ሸፈነችኝ። እጇን ነክሼ ለማየት ፈለግሁ። አላሳየችኝም።

ሹፌሩ ከሳሚራ ጋር አንስቶ መኪናው ውስጥ ጣለኝ። ገመዱን አወረዱልን። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ሙላቱ ወደ መስኮቱ መጣ። ክላሹን በአፈሙዙ ይዞ ይጎትተዋል። ሸሚዙ ላይ ደም የለም፣ እሱ አልመታም።

"እኔ የጠየቅሁት" አለኝ፣ "ለማወቅ ብዬ ነበር።"

አፌ የሞላውን ደም በመስኮቱ ተፋሁት። እስከ ደሴ አልዋሸም፣ አልዋሸም እያልኩ ተጓዝኩ። ሰውየው እውነቱን ነው። ጓደኛዬን በሕይወቱ የመጀመሪያና የመጨረሻ ጊዜ ስለ ሥራው የጠየቀው እሱ ነው፣ የጠየቀውም ከልቡ ነው። ባገኘው በእጄ አንቄ እገድለዋለሁ።