የዳኛው የጉም መብራት

ወለላ ለልጇ ሽማግሌ ስትልክ ይህ ሦስተኛዋ ነው። የልጅቱ አባት፣ የትክል ድንጋዩ አያ አንዳርጋቸው፣ መጀመሪያ «እንመካከራለን» አሉ። ይሄ ያለ ነው፤ ባንድ ጊዜ እሺ የሚል የልጅ አባት ማን አየ። ሁለተኛ ሲሄዱ ግን «የከተማ ሰው ፀባዩ አይታወቅም፤ እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ኑና ቁርጡን እነግራችኋለሁ» ብለው ሰደዷቸው። ይቺ ቁርጥ የምትባል ነገር የወለላን እንቅልፍ ነሳቻት። ጌትነት አንድ ልጇ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያሳደገችው። «ልዕልትን ካላገባሁ ሌላ አላገባም» ብሏታል፤ በግትርነት ደግሞ ልጁ የወጣው በእሷ ስለሆነ እንደማያገባ ታውቃለች።

እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም። ወለላም ይህን አላጣችውም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ባዷቸውን የተመለሱ ወንዶችን ሦስተኛ ብቻቸውን የምትለቅ ሴት አይደለችም። «ከመኪናው አልወርድም፣ ማን ያየኛል» ብላ ከኋላ ገባች። ከጎኗ ሽማግሌዎቹ፣ አያ አዳነና አያ አምሐ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። የፊቱ ወንበር ለልጅቱ ቤት በተያዘው ስጦታ ተሞልቷል።

መኪናዋ ዳኛው የሚባለው የታናሽ ወንድሟ ናት። ዳኛው ተምሮ የጨረሰ፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የሸበተ ሰው ነው፤ መኪና መንዳት ግን ገና አሁን መጀመሩ ነው። መኪናዋ ነጭ፣ ያገለገለች፣ ሆኖም በመሪዋም በበሯም በጣሪያዋም ቁልፍ የሞላባት ነች። ዳኛው ደግሞ አንድ እምነት አለው፦ የተገዛ ነገር ሁሉ መሥራት አለበት።

ገና ከጎንደር ቁስቋም ሳይርቁ ወለላ አየችው።

«ዳኜ፣ ይሄ የተጫንከው ምንድን ነው?»

«የጉም መብራት ነው እታለም። ከፊትም አለው፣ ከኋላም ቀይ አለው።»

ወለላ አንገቷን አውጥታ ወደ ላይ ተመለከተች። ጥር ነው፤ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል።

«ምነው፣ ጉሙ የታለ?»

«ጉም እስኪመጣ እጠብቅልሽ? ካልበራ ምኑን ገዛሁት!»

ትንሽ ሄድ እንዳሉ አራቱንም ፍሬቻ አበራ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ጀመር።

«ይሄስ?»

«ሽማግሌ ይዣለሁ እኮ። ክብር ያለው መኪና ብልጭ ድርግም ይላል።»

ከዚያ መስታወቱን አስተካክላለሁ ብሎ አንዱን ሲነካ የወለላ መስኮት ቁልቁል ወረደ። መልሶ ቢነካው አልወጣም። የደጋው ንፋስ ጉሮሮዋን ያዛት። «ተዪው፣ ራሱ ይወጣል» አላት። ወለላም ነጠላዋን ገልብጣ፣ ወፍራሙን ጥለት ወደ ላይ አድርጋ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ጥለት ወደ ላይ የሚደረገው ለለቅሶ እንደሆነ ጠፍቷት አይደለም። መኪና ውስጥ ማን ያየኛል ብላ ነው።

ሜዳማውን ሲይዙ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ጉድ እዩ» ብሎ ከመሪው ላይ አንዱን ተጫነና ሁለቱን እግሮቹን ከመርገጫው አንስቶ አጣመራቸው።

«ኧረ በቁስቋሟ!» አሉ አያ አዳነ። «ማን ነው የሚነዳው?»

«ራሷ ናት አያ አዳነ። ክሩዝ ይባላል። ፍጥነቷን አንዴ ይነግሯታል፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።»

«ስንት ብለህ ነገርካት?» አለች ወለላ።

«ሽማግሌ ለያዘ ሰው የሚሆነውን።»

የነገራት፣ መኪናዋ ከዚህ በታችስ አልሰማህም ያለችውን የመጨረሻ ትንሿን ፍጥነት ነው። ቁልቁለቱንም ሜዳውንም በዚያችው ትንፏቀቅ ጀመር። «እንግዲህ ረገጥ አድርጋት፣ ሰዓቱ ሄደ» ብትለው ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «ከነካኋት ትረሳዋለች። እንደገና ማስተማር ነው።»

አያ አምሐ መኪና አይስማማቸውም። ጥቂት መታጠፊያ እንዳለፉ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው በአያ አዳነ ትከሻ ላይ ወደቁ። አያ አዳነም እንዳይበርዳቸው ጋቢውን እስከ አፍንጫቸው አለበሷቸው።

መንገደኛው ያን ቀን እንዴት ጨዋ ሆነ! አህያ የሚነዳ ሰውዬ ከሩቅ ሲያያቸው አህዮቹን ዳር አስያዘ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«አየሽ?» አለ ዳኛው ደረቱን ነፍቶ። «ይሄ ሁሉ ለመብራቱ ነው።»

ወለላም ጉሮሮዋ ስለታመማት ድምፅ ሳታወጣ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ እጅ ነሳች። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ። የሚያጭድ ገበሬ ማጭዱን ጣለ። ከኋላቸው መጀመሪያ ክላክስ ሲያስጮህ የነበረ ሚኒባስ ድንገት ዝም ብሎ መብራቱን አበራና ቀስ ብሎ ይከተላቸው ጀመር። ከእሱ ኋላ አንድ አይሱዙ፣ ከአይሱዙው ኋላ ባጃጆች።

«ምነው አይቀድሙን?» አለች ወለላ።

«ሽማግሌ ይቀደማል እንዴ? ሸጋ አገር ነው!»

አንዲት አሮጊት ግን ከመንገዱ ዳር ቁጭ አሉና ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጋሻዬን!»

«እኝህስ?»

«አመማቸው ይሆናላ» አለ ዳኛው።

ወለላ አሮጊቷን አየች። ዞር ብላ መብራታቸውን አብርተው የተሰለፉትን መኪኖች አየች፤ ሰልፉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ነው። የገለበጠችውን ነጠላዋን አየች። መጨረሻ ላይ ጋቢ የለበሱትን አያ አምሐን አየችና ጮኸች።

«ዳኜ! ሬሳ ይዘናል!»

«የማን?»

«የማንም! ሬሳ የያዘ መስለናል! ከሆስፒታል ወደ አገሩ የሚሸኝ ሰው እንዲህ አይደል የሚሄድ? በፀሐይ መብራት አብርቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይቀድመው!»

አያ አምሐ በጩኸቱ ባነኑ። «ማን ሞተ?»

«አንቱ ነዎት አያ አምሐ፤ ይተኙ» አለች ወለላ።

«አጥፋው! አሁን አጥፋው!» አለች ወንድሟን። ዳኛውም ደነገጠና ያገኘውን ሁሉ ይጫን ገባ። መስታወቱ ላይ ውኃ ተፈናጠረ፤ መጥረጊያው ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። ሬዲዮው ተከፈተና በገና ለቀቀ። የጉም መብራቱ ግን እንደበራ ነው። በተከፈተው መስኮት የበገናው ድምፅ ሲወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ባንድ ላይ አለቀሱ።

«እንመለስ» አለች ወለላ።

«በየት በኩል? ኋላችን እኮ አገር ነው የተሰለፈው።»

የሰርግ ጥያቄ በለቅሶ ተጀምሮ የትኛው አባት እሺ ይላል? ቁርጡ ሳይነገራቸው ታወቃት።

እሷ ያላወቀችው ደግሞ ሌላ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ችኩል ሰው ወደ ትክል ድንጋይ ስልክ ደውሎ «ከሆስፒታል ሬሳ እየመጣ ነው» ብሏል። ሰሞኑን ጎንደር ሆስፒታል የተኛ የሰፈሩ ሰው ደግሞ የአያ አንዳርጋቸው ወንድም፣ ሰውአገኝ፣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ትክል ድንጋይ ሲደርሱ የአያ አንዳርጋቸው ደጅ ሰው ሞልቶበታል። አያ አንዳርጋቸው መቀነታቸው ተፈቶ፣ ራሳቸውን ይዘው ከፊት ሮጡ። ዳኛው ወዶ ሳይሆን በግዱ ፍሬኑን ረገጠ። «ይኸው ረሳችው» አለ በሐዘን። አያ አንዳርጋቸው ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተደፉ።

«ሰውአገኝ! ወንድሜ! ቁስቋም ማርያም፣ እሱን ብቻ መልሽልኝ! እሱን መልሽልኝ እንጂ ከዛሬ ወዲያ ማንም ምንም ቢጠይቀኝ እምቢ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም! ይኸው ሰው ሁሉ ይመስክር!»

«እንመሰክራለን!» እያለ ሰው አለቀሰ።

ያን ጊዜ የሚኒባሱ በር ተከፈተና አንድ ቀጭን ሰው የመድኃኒት ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ ከሁሉ በላይ እየጮኸ ወረደ።

«ምነው ወንድሜ! ምነው! ማን ሞተብን?»

አያ አንዳርጋቸው ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ነሃ!»

«እኔ?» አለ ሰውአገኝ። እንባው ገና አልቆመም፤ «ወይኔ!» ብሎ ለራሱ አንድ ጊዜ ደረቱን ከመታ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ዛሬ ጠዋት ድነሃል ብለው ሰደውት፣ ከሬሳው ኋላ ሲያለቅስ የመጣው ሰው እሱ ራሱ ነው።

አንድ ሰው ወደ መኪናዋ ጠጋ ብሎ «ታዲያ ይሄ መብራት የምንድን ነው?» አለ።

«የጉም ነው» አለ ዳኛው።

ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

አያ አንዳርጋቸው ግን የተመለከቱት ወደ ኋለኛው ወንበር ነው። ሽማግሌዎቹን ለዩዋቸው፤ ፊታቸው ቀላ።

«እናንተ! ወንድሜን በቁሙ ገድላችሁ ልጄን ልትጠይቁኝ!»

አያ አዳነ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ። አያ አምሐ እንደሞቱ ቢቀሩ መረጡ። ወለላ አልወርድም ማለቷን አልረሳችም፤ በሩን ከፍታ ወረደች። እሰው ፊት ነጠላዋን ፈታ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችና በደንብ ለበሰች።

«አያ አንዳርጋቸው፣ ማርያም ወንድምዎን መለሰችልዎ፣ አልመለሰችም?»

«መልሳለች፤ ክብር ምስጋና ይግባት። ቢሆንም...»

«ቢሆንም የለም። አሁን ምን አሉ? እምቢ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም አላሉም? ይሄ ሁሉ ሰው አልሰማም?»

«ሰምተናል» አለ ሰው። ጥቂቶች መሣቅ ጀምረዋል።

አያ አዳነም ነፍስ ዘሩ። ከመኪናው ወርደው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወጉ መልስ ሳያገኙ ላይቀመጡ ቆሙ። «እንግዲህ አያ አንዳርጋቸው፣ ልዕልትን ለልጃችን ለጌትነት ብለን ቆመናል።»

አያ አንዳርጋቸው አፋቸውን ከፈቱ። «እም...» ብለው ሳይጨርሱ ሰውአገኝ ዘሎ አፋቸውን በመዳፉ ያዘ።

«ምነው ወንድሜ! ቃልህን በልተህ እንደገና ልትገድለኝ ነው?»

ከመዳፉ ሥር የሆነ ነገር ተሰማ። እጁን ሲያነሣ «እሺ» ነው።

ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ጉሮሯቸው ቀድሞ ተሟሽቷል። ዳኛው በእህቱ ጆሮ «አላልኩሽም? ያለ መብራቱ ይሄ ይሆን ነበር?» አላት። ወለላ በክርኗ ጎኑን ወጋችው።

ሰርጉ ግንቦት ላይ ሆነ። ሙሽራይቱን ሊያመጡ ሲሄዱ ገና ዳገቱን ሳይጨርሱ ጉም ወረደ። ጉም ስልህ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ራሱ የማይታይበት ጉም።

«ዳኜ፣ በል መብራቱን አብራ» አለች ወለላ።

«የትኛውን?»

«የጉሙን ነዋ!»

«እንዴት ተደርጎ! ያኔ አጥፋ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ዛሬ ሰርግ ነው፤ ለቅሶ ነው እንዲሉን ነው?»

ብትለምነው፣ ብትሰድበው እምቢ አለ። ግትርነት በቤታቸው ነው። የወለላም መስኮት እስከዛሬ አልተዘጋም፤ ጭንቅላቷን ወደ ውጭ አወጣችና፣ የሚመጣ መኪና ዳር እንዲይዝ፣ ከዚያ ዳገት እስከ ትክል ድንጋይ እልል ስትል ሄደች። ድምፅዋ ሊዘጋ ሲል ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። አህያ ይነዳል፤ ባርኔጣውን አውልቋል።

«ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ሰርግ ነው!» አለች ወለላ።

ሰውዬው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት።

«ታዲያ ምነው» አለ፣ «መብራት አላበራችሁ?»