የኦይታ ጉድጓድ

ሰናይት የሥራ መልቀቂያዋን ያስገባች ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠረጠረው ባል ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ካለ የውሃ ቢሮ፣ ያውም ከመሐንዲስ ወንበር፣ ሴት ልጅ በገዛ ፈቃዷ የምትነሣው ሌላ ለምን ይሆናል? ትምህርት መሆኑ ሲሰማ ደግሞ ተሣቀ። አለቃዋ አቶ ጥዑመልሳን በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው እዚሁ የሸበቱ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ኦኩፔሽናል ቴራፒ? እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የታመመ ሰው መልሶ ራሱን እንዲችል መርዳት ነው፣ ጋሼ። መልበስ፣ መብላት፣ የለመደውን ሥራ መሥራት…»

«እና መብላትን በማስተርስ ሊያስተምሩሽ ነው?» ቢሮው በሳቅ ተሞላ። «የገረሴን ሰው ውሃ ያጠጣሽ ልጅ፣ አሁን የሰው ሸሚዝ ልትቆልፊ! በይ እንግዲህ፣ ይቅናሽ።»

እሷም አብራ ስቃ ወጣች። ነገሩ የተጀመረው ከሸሚዝ ቁልፍ መሆኑን ብትነግራቸው አይሥቁም ነበር፤ ክፉ ሰው አይደሉም።

አባቷ ኦይታ የዶርዜ ሸማኔ ነው። እዚያ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ቤታቸው ውስጥ፣ በሩ አጠገብ፣ ሸማኔው ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን የሚያወርድበት ጉድጓድ ነበር፤ መርገጫዎቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ሰናይት አባቷን ከወገቡ በላይ ብቻ እያየች ነው ያደገችው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኦይታ ወሬ አያበዛም፤ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ ግን ቤቱ ሲያወራ ይውላል። ከመንደሩ ሸማኔዎች ግማሾቹ ሥራ የለመዱት ከእሱ ነው።

አንድ ጠዋት ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን አልተረፈም። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኝቶ ሰንብቶ በከዘራ መራመድ ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ ለአጭር ጊዜ የመጣች አንዲት ባለሙያ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና የሸሚዙን ቁልፎች ራሱ እንዲቆልፍ ጠየቀችው። በግራ እጁ ታገለ። አላበው። የሰናይት ታላቅ ወንድም ዘካሪያስ አላስችል ብሎት ሊቆልፍለት ሲነሣ ሴትዮዋ ክንዱን ይዛ መልሳ አስቀመጠችው። በመጨረሻ አንዷ ቁልፍ ገባች፤ ኦይታም ሣቀ። ከታመመ ወዲህ ሲሥቅ የመጀመሪያው ነበር። ሰናይትን ከቧንቧ ሥራ ያፈናቀላት ያ ሳቅ ነው።

ባለሙያዋ ብዙም ሳትቆይ ሄደች፤ ምትክ አልመጣም። ሰናይት ከዚያ ወዲህ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቷ እጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዳግም ሲሸምን ማየት።

ለትምህርት ከመሄዷ በፊት ዘካሪያስን ለመነችው። «በራሱ እጅ ይብላ። ቢዘገይም፣ ቢያንጠባጥብም በራሱ ይብላ።»

«እሺ» አላት። እሺ ያላትም ከልቡ ነው።

ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ቀላል አልነበረም። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ክንድ ነርቮች ሲጠይቋት ስለ አባቷ ቁልፍ አወራች፤ ፈታኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተቀበሏት፤ ነገር ግን ከሌላ ሙያ የመጣች ናትና መጀመሪያ ከጀማሪ የጤና ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ አናቶሚ እንድትማር ፈረዱባት። ልጆቹ «ኢንጂነር» እያሉ ይቀልዱባታል። የውሃ ግፊት ማስላት የለመደ ጭንቅላቷ፣ አንዲት ጅማት ከየት ተነሥታ የት እንደምታርፍ መያዝ እንቢ አላት። አልቅሳም፣ ተሳድባም አለፈችው።

ከአናቶሚው የባሰው ግን የተግባር ልምምዱ ነው። ሕመምተኛው ማንኪያ ሲጥል መምህሯ ከኋላዋ ሆና «እጅሽን ሰብስቢ! ጠብቂው!» ትላታለች። እንግዳን በግድ አጉርሶ ለሚሸኝ ሰው፣ የተራበ ሰው ፊት እጅን አጣጥፎ መቆም ጭካኔ ነው። ሰናይት ቀስ እያለች ለመደችው፤ ፍቅር አንዳንዴ ዝም ብሎ መቀመጥ መሆኑን አመነች።

ዶርዜ ላይ ይህን ማን ያምናል? የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጸሎት በመጡ ቁጥር፣ ኦይታ በግራ እጁ ቆጮውን ሲያሳድድ፣ ወጡ ደረቱ ላይ ሲፈስ ያያሉ። የሚያጎርሰው ልጅ የለውም እንዴ ተባለ። ዘካሪያስ አንገቱን ደፋ። በማግስቱ አባቱን ማጉረስ ጀመረ፤ እሱ ገበያ ሲወጣ ሚስቱ ሜሮን ታጎርሰዋለች። ሰናይት በደወለች ቁጥር «አታስቢ» ይላታል። «እንደ ንጉሥ ነው የያዝነው። ጣቱን አያነሣም።»

«ዘኬ፣ እሱን አይደል አታድርጉ ያልኩህ?»

«አንቺ ሩቅ ሆነሽ ማዘዝ ይቀልሻል። ሰው የሚያየው እኔን ነው።»

እውነቱን ነው። በመመረቂያ ሥራዋ ተጽናናች። በገመድ እየተሳበ፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚሄድ መወርወሪያ አናጺ ዘንድ ተመላልሳ አሠራች። መምህራኖቿ አጨበጨቡላት። ያን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከሴቻ በተሳፈረችበት መኪና ዳገቱን ወጥታ እቤታቸው ደረሰች።

ስትገባ ጉድጓዱ የለም። ወለሉ ተደልድሎ በጭቃ ተለስኗል፤ በላዩ የአባቷ አልጋ ተዘርግቷል።

«አንድ ቀን ብቻውን እየተጎተተ ሄዶ ሊወርድበት ሲል ለጥቂት ተረፈ» አለ ዘካሪያስ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። «ደፈንነው። አልጋውንም አመጣንለት፤ እዚህ ፀሐይ ያገኛል።»

«ሊሸምን ነበራ!»

«ሊወድቅ ነበር» አለ ወንድሟ።

ልትጮህበት ፈለገች። አባቷ ግን ንጹሕ ጋቢ ለብሷል፣ ጢሙ ተላጭቷል፣ ጀርባው ላይ አንዲት ቁስል የለችም። ከዚህ በላይ የሚጦር ልጅ ከየት ይመጣል? ወንድሟን ጠላችው፤ የምትጠላበት ምክንያት ማጣቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። አባቷን ከነአልጋው ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ ዶማ አንሥታ መቆፈር ጀመረች። ጎረቤቶች ሕመምተኛ ባለበት ቤት ጉድጓድ ሲማስ አይተው አጉረመረሙ፤ ሰው ሳይሞት ምን የሚሉት ቁፋሮ ነው ያለም ነበር። ዘካሪያስ ቆሞ ሲያያት ቆየና ዶማውን ከእጇ ወሰደ። እያለቀሰ ቆፈረ።

ኦይታን ደግፈው ጠርዙ ላይ አስቀመጡት። እግሮቹን አወረዱለት። ሰናይት አዲሱን መወርወሪያ ገና አልፈታችውም፤ መጀመሪያ እጁ የሚያውቀውን ይንካ ብላ፣ መዳፉ ዕድሜ ልኩን ያለሰለሰውን አሮጌውን መወርወሪያ ከግርግዳው ሥር ፈልጋ አመጣች። ፊቱ ተንበረከከች። እንደተማረችው አልቸኮለችም፤ መወርወሪያውን ወደ ግራ እጁ ዘረጋችለትና ጠበቀች።

ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ኦይታ የተዘረጋውን እጇን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያም አንገቱን ወደ እሷ አስግጎ አፉን ከፈተ።

ሰናይት አሁንም ጠበቀች። አፉ አልተዘጋም።

«ርቦት ነው» አለች ሜሮን ከኋላ፣ ሳህን ልታመጣ እየተነሣች።