ከግድግዳው ማዶ ያለው ወንበር

በእኔና በልብስ ሰፊዋ መካከል ያለው ግድግዳ ለስሙ ነው ግድግዳ የተባለው። ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው፤ እሷም ከዚያ ማዶ «ያኑርሽ» ትለኛለች። ምላሷ ስለሚወጋ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ስሙን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው። ስፌት መኪናዋ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። ትርርር፣ ፋታ፣ ትርርር። በእሱ እነሳለሁ፣ በእሱ ምሳዬን እጥዳለሁ። የግድግዳ ሰዓቴ ባትሪው ካለቀ ስንት ዓመቱ፣ ናፍቆኝም አያውቅ።

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ በገባ ሰሞን፣ መኪናው ማርፈድ ጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ሰዓት፣ ኋላ አራት። ትርርሩም ወሬው እንደ ጠፋበት ሰው መሃል ላይ ይቋረጣል። «ፍቅር ይዟት ይሆናል» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

ሲ...ጥ።

ሽንኩርት የምከትፍበት ቢላ እጄ ላይ ቀረ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ መስኮቷ ሥር ያለው የእናቷ ወንበር ነው። እናቷ ከሞቱ ሃያ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይከመርበታል እንጂ ሰው ተቀምጦበት አያውቅም።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ ተቀምጠዋል! ግራጫው ሹራብ፣ ያበጠው ፊት፣ ጭናቸው ላይ የተረሱት እጆች። እግዜር ይይላት፣ የተቀመጠችው መርፌ ራሷ ሆና ቀና ባትል ኖሮ እዚያው በሩ ላይ እወድቅ ነበር።

«ምን አፈጠጥሽ? ግቢ እንጂ እትዬ» አለች። ድምጿም የእሷ አልነበረም፤ ወፍሮ ጎርንኗል።

«በዚህ ሙቀት ሹራብ? እንቁላል ልትፈለፍዪ ነው?»

«በረደኝ።»

ደንበኞቿ ልብስ ለክተው የሚያዩበት ትልቁ መስታወት በአንሶላ ተሸፍኗል። «ይሄስ ምነው? ደንበኞችሽ ራሳቸውን አይተው እንዳይደነግጡ ነው?» አልኩ።

አልሳቀችም። «ጠዋት ፊቴን ላይ ስል እማ ናት የምታየኝ» አለች ቀስ ብላ። «መጥታብኛለች። ደግሞ ልክ ናት። 'ተነሽ እንጂ፣ ድንጋይ ነሽ?' እላት ነበር እኮ፤ በየቀኑ። ሰነፍ መስላኝ። እስክትሞት ድረስ እዚሁ ወንበር ላይ ነበረች። ያኔ አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ መጪው ዓመት አርባ ስምንት ነኝ።»

እኔ ዞሬ የአንሶላውን ጫፍ ማስተካከል ያዝኩ። ዓይኗን የሸሸሁበት ምክንያት አለኝ፤ እመጣበታለሁ።

በማግስቱ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ የመርፌን አንገት ዳሰሰች፣ ደም አስቀዳች፣ ውጤቱ ሲመጣ ነገረችን። አንገት ላይ ያለች ታይሮይድ የምትባል ዕጢ ናት፤ ሰውነትን የምታሞቀውና የምታንቀሳቅሰው ሆርሞን ከእሷ ነው፤ የመርፌ ዕጢ ሥራ አቁማለች ማለት ይቻላል። ምትኩን ከክኒን ታገኛለች፣ ዕድሜ ልክ።

«እናቴም ወንበር ላይ...» ብላ ጀመረች መርፌ። ሁሉንም ነገረቻት። ዶክተሯ ሰምታ «አላየኋቸውምና እርግጠኛ መሆን አልችልም» አለች፤ «ግን በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል።» መርፌ ከዚያ በኋላ ምን እንደተባለ የሰማች አይመስለኝም።

እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው። «በየጠዋቱ በባዶ ሆድ» አለች ዶክተሯ። «መጠኑን በአንዴ አንመታውም። በሃምሳ ማይክሮግራም እንጀምርና በየስድስት ሳምንቱ ደምሽን እያየን እናስተካክላለን።»

«ልክ ወስዶ፣ ጠልፎ፣ እያስለኩ ማጥበብና ማስፋት ነዋ» አልኩ ለመርፌ። «የራስሽ ሙያ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት ይዤ እገባለሁ። ክኒኑን ምላሷ ላይ ታደርጋለች፣ በወተቱ ታወርደዋለች። ባዶ ሆድ ማለት ዳቦ አለመብላት ነው ብለን ተስማምተናል። ወተት ምግብ ነው እንዴ? መጠጥ ነው! እንዲያውም ሆዷን እንዳይልጣት ብዬ የላሙን ወፍራሙን እመርጥላት ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ሲ...ጥ። ዶክተሯ ሰባ አምስት አደረገችው። ሌላ ስድስት ሳምንት። ሲ...ጥ። መቶ አደረገችው።

«በባዶ ሆድ ነው የምትወስጂው?»

«በባዶ ሆድ!» አልን ሁለታችንም፣ ቃል እንደሸመደደ ተማሪ።

መቶ ሃያ አምስት አደረገችው፤ ግራ እንደገባት ከብዕሯ አያያዝ ያስታውቅ ነበር። ለውጥ የለም ማለት አልችልም፤ መርፌ አንድ ቀሚስ ጀምራ ትጨርሳለች። ግን ሹራቡ ከላይዋ አልወረደ፣ አንሶላው ከመስታወቱ አልተነሳ። አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ስትመልስልኝ እጄን ያዘችው። እጇ እንደ መቀስ ብረት ይቀዘቅዛል።

«እትዬ፣ እማ እየወሰደችብኝ ነው።»

«ምኑን?»

«ክኒኑን። እኔ እውጠዋለሁ፣ የሚሞቃት እሷ ናት። ያኔ የሰጣት አልነበረማ። እና ልከልክላት?»

ወንበሩን አየሁት። ማንም አልተቀመጠበትም። ግን የመቀመጫው ትራስ ጎድጉዷል።

በዚያው ሰሞን እህቴ እግሯ ተሰብሮ ሌላ ከተማ ሄድኩ፤ ሁለት ወር ልሞላ ምን ቀረኝ። ስመለስ ሻንጣዬን ይዤ ገና መንገዱ ጥግ ላይ ሳለሁ ነው የሰማሁት። ትርርርርርርር። ፋታ የለውም። ውሻ እንዳባረረው ሰው የሚሮጥ ስፌት መኪና ሰምቼ አላውቅም።

መርፌ ከስታለች። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ሹራቡ መሬት ላይ ተወርውሯል።

«ዳንሽ ልበል?»

«እንቅልፍ የለኝም። ልቤ እዚህ ጋ ይደልቃል፣» ጉሮሮዋን ነካች። «እማ ከወንበሩ ተነስታለች፤ ከኋላዬ ቆማ 'አንቺም እስኪ ተነሽ፣ ተነሽ' ትለኛለች። ይኸውልሽ ተነሳሁ። መቀመጥ ግን አቃተኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የተጣለ ሸሚዝ አነሳሁ። ሦስት እጅጌ አለው።

«ሦስተኛው ለማን ነው?»

ሸሚዙን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እንጃ። እጄ ነው የሰፋው።»

ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ሐኪም ቤት ገባን። ዶክተሯ የልቧን ምት ቆጥራ የዚያን ቀን ክኒን አስቀረችው፤ የደሙን ውጤት ስታይ ደግሞ ቅንድቧ ተነሳ። «አሁን ደግሞ ከልክ በላይ በዝቷል። ክኒኑ ያው ነው። ምን ተለወጠ?»

«ምንም» አለች መርፌ።

«እኔ ነኛ የተለወጥኩት!» አልኩ ልቀልድ ብዬ። «ጎረቤት ሲሄድ የጠዋት ወተቷ ቀረ፤ ባዶ ውሃ እየጠጣች ከሳች።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «የምን ወተት?»

ነገርናት። እስክንጨርስ አላቋረጠችንም። ወተቱ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ወደ ደም አይለቀውም አለች። ክኒኑ ያልሠራው ለዚህ ነው፤ እሷም አነሰ ብላ ስትጨምር፣ ስትጨምር፣ ወተቱ ሲቀር የተጨመረው ሁሉ በአንዴ ገባ። «በባዶ ሆድ ማለት በውሃ ብቻ ነው። ክኒኑን ከዋጥሽ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ቁርስ፣ አራት ሰዓት ቆይተሽ ወተት። 'በምን ትውጪዋለሽ' ብዬ አለመጠየቄ የእኔም ጥፋት ነው።» መጠኑን ወደ ሰባ አምስት መለሰችው።

ወደ ቤት አቀናን። ግማሽ መንገድ ላይ አልቻልኩም።

«እናትሽ አይደሉም የወሰዱብሽ። እኔ ነኝ።»

«ወተትሽ ነው።»

«ሌላም አለ።» ቆምኩ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል አይደል? 'እማማ ወንበር' የሚለውን የእናትሽን ስም ግን ከቤት አላወጣችሁትም። እኔ ነኝ ያወጣሁት። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ በገባሁ በሳምንቱ። ሰፈሩ ሁሉ የሳቀው በእኔ ቀልድ ነው። ወተቱን የማመላልሰው ደግነት መስሎሻል።»

መርፌ አንገቷ ላይ የረሳችውን ሜትር ጠቀለለች።

«ግድግዳው ስስ ነው እትዬ» አለች። «ያኔውኑ ሰምተናል። እማ ሳቀች፤ 'ጎበዝ ናት፣ ልክክ አደረገችው' አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስትቀመጥ መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ትል ነበር። ሲጥ እንዳይል። እንዳትሰሚ።»

ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በእናቷ የመጨረሻ ወራት ያ ወንበር ዝም ያለው ሴትየዋ መነሳት ስለጀመሩ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ፤ ደሟ ታየ፤ ዶክተሯ «መጠኑን እንዳትነኩት» አለች። መኪናው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ትርርር፣ ፋታ፣ ትርርር። አንሶላው ከመስታወቱ ወርዶ ለአልጋው ተመለሰ። «እማስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «አለች» አለች መርፌ፣ አፏ ላይ ስፒል ነክሳ። «ግን አሁን እኔም አለሁ።»

ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ወተቱን ይዤ ገባሁ፤ አሁን ሰዓቱን ጠብቄ ነው። በርጩማው ላይ የደንበኛ ኮት ተዘርግቷል፣ አልጋው ላይ ጨርቅ ተከምሯል። ክፍት ያለው እሱ ወንበር ብቻ ነው። መደገፊያውን በሁለት እጄ ያዝኩና ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ዝቅ አልኩ። ድምፅ አላሰማም።

መርፌ ፊቷን ሳታዞር እግሯን ከመኪናው አነሳች።

«በደንብ ተቀመጪ» አለች። «ይሰማ።»

ክብደቴን ለቀቅሁት።

ሲ...ጥ።