ከኋላ የሚቆመው

ሙኒያንዲ የሚባሉት አዛውንት ተዋናይ መጀመሪያ ሱቁ የመጡ ዕለት አቢሶ ደንበኛ መስለውት ነበር። "ሳውቦና ባባ፣ ምን ልስጥዎት?" አላቸው በዙሉ ሰላምታ፣ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ውስጥ። ምንም አልፈለጉም። ነገሩን ያስረዳችው አብራቸው የመጣችው የፊልም ሠራተኛ ናት። ከህንድ፣ ከታሚሎች አገር የመጣ ቡድን ጆሃንስበርግ ውስጥ ፊልም እየቀረጸ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ሱቅ ከፍቶ የሚኖር አንድ የሰው አገር ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ጥቂት ቀን ቁጭ ብለው ማየት ይፈልጋሉ።

አቢሶ ሳቀ። "እኔን አይተው ምን ሊማሩ? ዳቦ እሸጣለሁ፣ የስልክ ኤርታይም እሸጣለሁ፣ በቃ።"

"እሱን ነው የምፈልገው" አሉ ሽማግሌው።

ከሆሳዕና ጆሃንስበርግ አጠገብ ወዳለው ቮስሎሩስ የመጡት ሁለት ሆነው ነበር፤ አቢሶና ታላቅ ወንድሙ ማናሴ። ከሦስት ዓመት በፊት አቢሶ ዕቃ ሊያመጣ ጀፕስታውን በሄደበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘራፊዎች ገብተው ማናሴን እዚያው ሱቅ ውስጥ ገደሉት። እንዴት እንደወደቀ ያየ ሰው የለም። አቢሶ ግድግዳውን ቀለም አስቀባና ሥራውን ቀጠለ። አላለቀሰም። ቤተ ክርስቲያን ሲያጽናኑትም "እግዚአብሔር ያውቃል" ብቻ ይላል።

ሙኒያንዲ ጥግ ላይ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ። ደንበኛ ሲኖር ያያሉ፤ ሱቁ ጭር ሲል ያወራሉ። እንግሊዝኛቸው እንደ አቢሶ የተሰባበረ ስለነበር በደንብ ተግባቡ።

"በልጅነቴ ነው ከተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር ከቤት የወጣሁት" አሉት። "ከዚያ ፊልም። የጀግናው አባት፣ የመንደር ሹም፣ ሻይ ሻጭ፣ ፖሊስ፣ ሬሳ። ያልሆንኩት የለም። ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኛል፤ ፊቴን ያውቀዋል፣ ስሜን አያውቅም። 'ያ የሞተው አባት!' ይሉኛል።"

"አያናድድዎትም?"

"እንጀራዬ ነው። ሚስቴ የሞተች ዕለት የሠርግ ትዕይንት ነበረኝ። መርዶውን የነገሩኝ ስጨፍር ውዬ፣ ሜካፔን ሳጥብ ነው።" ሳጥኑ ላይ ተመቻችተው ቀጠሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ከጀግናው ኋላ ነው የቆምኩት፣ ልጄ። እዚያ ብዙ ስትቆም ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ከኋላው ያለውን ይሆናል።"

አቢሶ የትሕትና ንግግር መስሎት አለፈው።

በማግስቱ ሽማግሌው "እስቲ ልሞክር" ብለው ከባንኮኒው ኋላ ቆሙ። አንዲት ሴትዮ ዳቦ ልትገዛ መጣች። ሙኒያንዲ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ፍርግርጉ ሰጡ፤ የሚመልሱትን ሳንቲም ደረታቸው ላይ ጠረግ አድርገው አቀበሏት። ሴትዮዋ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። የማናሴ የድሮ ደንበኛ ናት። ዳቦውን ሳታነሳ ሄደች።

አቢሶ የቀረውን ዳቦ አነሳ። "ይሄን ከየት አመጡት? እኔ እንዲህ አላደርግም።"

"አንተማ አታደርግም። ከረዳትህ ነው የወሰድኩት።"

"ረዳት የለኝም።"

ሙኒያንዲ ግራ ገብቷቸው አዩት፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ ትከሻው አለፈ። "ከኋላህ የሚቆመው" አሉ ቀስ ብለው። "ግራ ጆሮው የማይሰማው።"

ማናሴ ግራ ጆሮው በልጅነቱ በሽታ የደነቆረ ነበር። ይህን በዚህ አገር የሚያውቁት አቢሶና ኋላ የመጣችው የማናሴ ሚስት ፊቤ ብቻ ናቸው። አቢሶ ዞሮ አየ። መደርደሪያ፣ ሻማ፣ የዱቄት ከረጢት።

"በኢየሱስ ስም!" ብሎ ጮኸ። "ይውጡልኝ! አሁኑኑ ይውጡ!"

ሽማግሌው ሳይከራከሩ ወጡ። ደጃፉ ላይ ግን ዞር ብለው፣ "ካልፈቀድክ ከእሱ የወሰድኩትን እተወዋለሁ። ፈቃድህን ንገረኝ" አሉት።

አቢሶ ጸለየ፣ ጾመ። ሙታን እንደማይመለሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሯል፤ ያምናልም። ግን ደንበኛ ሲያስተናግድ ጀርባው ይከብደው ጀመር፤ ሰው ተጠግቶ ሲቆም እንደሚከብደው። መፍራት ነበረበት። የፈራው ግን ያ ክብደት እንዳይሄድ ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገረም።

በመጨረሻ "ተዉት" ሊላቸው ወሰነና ጀፕስታውን ሄደ። ቡድኑ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ሱቅ ሠርቶ ነበር፤ ፍርግርግ፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሁሉም አለ። አቢሶ ሲደርስ ቀረጻው ተጀምሯል። "ዝም!" ተባለ። የካሜራና የመብራት ገመዶቹ መሃል ቆሞ ቀረ።

የታጠቁ ወጣቶች ገቡ። የውሸት ተኩስ ጮኸ። ሙኒያንዲ ወዲያው አልወደቁም። በእጃቸው ባንኮኒውን ዳብሰው፣ እንደደከመው ሰው በቀስታ ቁጭ አሉና፣ አቢሶ ወደቆመበት አቅጣጫ ቀኝ ጆሯቸውን መለሱ።

"አቡሽ" አሉ፣ በንጹሕ የአገር ቤት አነጋገር። "አቡሽ፣ አትምጣ።"

አቢሶን አቡሽ ብሎ የሚጠራው ማናሴ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በጎናቸው ተጋደሙ።

ዳይሬክተሩ "ቁረጥ!" ብሎ አጨበጨበ። ሁሉም አጨበጨቡ። ሙኒያንዲ ግን ቶሎ አልተነሱም። ደግፈው ሲያነሷቸው ፊታቸው አመድ መስሏል።

አቢሶ አጠገባቸው ተንበረከከ። "ምን እንዳሉ ያውቃሉ?"

"አላውቅም። የእኔ ቋንቋ አልነበረም።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ብዙ ጊዜ ሞቻለሁ፣ ልጄ። ተመልሼ መነሳቱን ሁልጊዜ አውቅበታለሁ። ዛሬ ጠፍቶኝ ነበር።"

"አሁንስ? ከኋላዬ አለ?"

ሙኒያንዲ ትከሻውን አልፈው ለረጅም ጊዜ አዩ። "የለም" አሉ። "አብረን ወደቅን። እኔ ስነሳ እሱ አልተነሳም።"

አቢሶ እዚያው ገመዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ። የፊልሙ ሰዎች በትዕይንቱ የተነካ መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ አለፉት።

ሙኒያንዲ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሞተው የሚወድቁበትን ሥራ እንደማይቀበሉ በድምፅ መልእክት ነገሩት፤ በዚህም የተነሳ ሥራ እንደራቃቸው ሲናገሩ ቅሬታ አልነበራቸውም።

በዓመቱ ፊልሙ ህንዶች በሚበዙበት ሰፈር ሲኒማ ቤት መጣ። አቢሶ ፊቤን ይዟት ሄደ። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አሉበት ከማለት በቀር አልነገራትም። ዘፈኑና ድብድቡ እያሳቃት ፈንዲሻ ትበላ ነበር። ሱቁ መጣ። ትዕይንቱን አሳጥረውታል፤ ድምፁም በሙዚቃ ተሸፍኗል። ተኩስ፣ ባንኮኒውን የሚዳብስ እጅ፣ ቀስ ብሎ የሚቀመጥ ሰው።

ፊቤ ተነስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አገኛት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው። "የሱቁ ካሜራ እንደቀረጸው ለምን ደበቅከኝ? ለእነዚህ ሰዎች ሸጥከው?"

"ካሜራ አልነበረንም፣ ፊቤ። ተዋናይ ነው። ህንዳዊ ሽማግሌ ነው።"

"የምን ሽማግሌ? ባሌን አላውቀውም እንዴ? ማናሴ ነው!"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ "ቲኬት ቁረጥ። ደግመን እንግባ" አለች።

በቀጣዩ ትርዒት ሱቁ ሲደርስ እጁን ጨብጣ ያዘችው። ተኩሱ ጮኸ። አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ወደቁ። አወዳደቃቸው ጥሩ ነበር፤ ጎበዝ ተዋናይ ናቸው። ግን ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው።

"አየኸው?" አለች ፊቤ።

"አላየሁም። አንቺስ?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ፊልሙ አልቆ መብራት በራ። ሰዉ እየተጋፋ ወጣ፤ አንድ ሠራተኛ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ መጥረግ ያዘ። ሁለቱ ነጩን መጋረጃ እያዩ፣ መጥረጊያው እግራቸው ሥር እስኪደርስ ድረስ ተቀመጡ።