አማትየዋ አልበራም አለች

«አማትየዋስ?» አለች የመድረክ አስተባባሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሞታለች» አለ ገመዶ።

«አትቀልድ!»

«እውነቴን ነው። ጠዋት ነካ ነካ አደረግኳት፣ ጭራሽ ሕይወት የላትም። ሆዷን ከፍቼ ሳላይ ግን ምንም ማለት አልችልም።»

እነሱ ሹክሹክታ መስሏቸዋል። ቲያትር ቤት ያረጀ ሰው ሲያንሾካሹክ ግን እስከ ኋላ ወንበር ይሰማል፤ ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። ለቅሶ ቤቱ ድንገት ጭጭ አለ። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደያዘ ቀረ። የሟቹ አማት፣ የሚስቱ እናት ማለት ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው ደህና ወንበር ላይ ሆነው ሁለቱን አፍጥጠው ያዩአቸው ነበር።

«ማን ናት የሞተችው?»

ገመዶን ሻዩ ትን አለው።

«ኧረ በቁሜ! አማቼን ቀብሬ እንባዬ ሳይደርቅ፣ አሁን ደግሞ ሆዴን ከፍቶ ሊያየኝ!»

«እማማ፣ በሞቴ፣ እርስዎን አይደለም! መብራት ናት። የመድረክ መብራት። ጋሼ ነው አማትየዋ ብሎ ስም ያወጣላት።»

ከክፍሉ ጥግ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። የሟቹ ሚስት ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤቷ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች ልታቅፋት ተነሳች፤ ጠጋ ስትል ግን ባለችበት ቀጥ አለች። ሴትዮዋ እየሳቀች ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ከአፏ የወጣ ደህና ድምፅ ቢኖር ይኸው ሳቅ ነው። ያፈረላትም፣ ደስ ያለውም ነበር።

ሟቹ የቲያትር ቤቱ የመብራት ባለሙያ ነበር። በየዓመቱ ቲያትር ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ መብራቶቹን ሁሉ ከጣሪያው ቧንቧ ላይ ያወርዳል። ይፈታቸዋል፣ አቧራቸውን ያራግፋል፣ መስታወታቸውን ይወለውላል፣ የላላ ሽቦ ያጠብቃል፣ ያረጀ አምፖል ይቀይራል፣ ከዚያ መልሶ ይሰቅላል። ገመዶ ለዓመታት አብሮት የሠራ ሰው ነው፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ ነው ገመዶ የሚሉት። ዘንድሮ ሥራው ግማሽ እንደደረሰ ጋሼ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብሎ የፊተኛው ረድፍ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ መስታወቱ ጉልበቱ ላይ፣ ጨርቁ እጁ ውስጥ። እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው፣ እንዳይቀሰቅሱት ሲሉ እነገመዶ በእግር ጣታቸው ሲመላለሱ ቆዩ። ገመዶ ይህን ሲያወራ አሁንም ድምፁ ይሰበራል። መብራቶቹም ግማሾቹ ወለል ላይ፣ ግማሾቹ ጣሪያ ላይ ቀሩ፤ አዲሱ ቲያትር የሚከፈትበት ቀን ደግሞ ለማንም ለቅሶ አይጠብቅም።

«ለምንድን ነው በእኔ የሰየማት?» አሉ እናት። «እውነቱን ተናገር፣ አልቆጣም።»

«ስትበራ… ቶሎ ትግላለች።»

ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ።

«ቀጥል።»

«ግን ከሁሉም አርቃ ታያለች፣ እማማ። ከኋላ ግድግዳ ተነስታ መድረክ ላይ የወደቀ መርፌ ታሳያለች። ጋሼ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲያጸዳት አይፈቅድም ነበር። ‹ተዋት፣ እሷን የማውቅባት እኔ ነኝ› ነው የሚለው።»

እናት መሐረባቸውን አወጡና አፍንጫቸውን ጠረጉ።

የሟቹ ወንድም ግን ድምፁ እንኳን ለቅሶ ቤት ለገበያም የሚተርፍ ነው፤ «እኔስ? እኔ የለሁበትም?» ብሎ ጮኸ።

ገመዶ አስተባባሪዋን አየ፤ እሷም ራስህን አውጣ በሚል ዓይን አየችው።

«ወንድምየው የሚባል አለ። ማራገቢያው ትንሽ ይጮኻል።»

«ብርሃኑስ?»

«ብርሃኑ… ለጩኸቱ አይመጥንም።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ወንድምየው ራሱ ሳቀ፣ ስቆ ስቆ መጨረሻው ለቅሶ ሆነበትና ሰው ደግፎ ውሃ አጠጣው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! እስክትሞቅ ሰው የምታሰለች፣ ከሞቀች በኋላ ግን በቀላሉ የማትበርደው አክስትየዋ የምትባል መብራት ተነሳች። ብርሃኗ ያልተጠራበት የሚገባው ጎረቤቲቱም ተነሳች። ጎረቤቷ ራሷ «ምነው፣ እኔ መቼ ነው ሳልጠራ የመጣሁት?» ብላ ተቆጣች፤ ይህን ያለችው ከሰው ቤት ጓዳ ብርጭቆ ይዛ እየወጣች ነበር።

ሚስቱም አብራ ትስቃለች። ጆሮዋ ግን አንድ ስም ይጠብቅ ነበር። በየስሙ መሃል ‹አሁን ይላል፣ አሁን ይላል› ትላለች፤ አይልም። ልትጠይቅ ደግሞ ኩራቷ ያዛት።

እናት ግን ኩራት የሚባል ነገር አያግዳቸውም። «ልጄስ? የእሷ የትኛዋ ናት?»

ገመዶ አንገቱን ደፋ። «የእትዬ… በእሳቸው ስም የወጣ መብራት የለም።»

«ሻይ ቅዱ እንጂ፣ ሰው ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል» አለች ሚስቱ፣ ቶሎ ብላ።

ተከፍታ ነበር። በሞተ ባሏ መከፋት አሳፈራት፣ ማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አስከፋት። ሰው በሰው ይቀናል፤ እሷ በብረትና በመስታወት ቀናች። እሱ እኮ ለእነዚያ መብራቶች ማጽጃ የእሷን አሮጌ የጥጥ ልብሶች ነበር የሚወስደው። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ብናኝ አይተውም ይላል። አንድ ጊዜ ገና ያላረጀ የሌሊት ልብሷን ወስዶባት ተጣልተዋል። «ጠፋ እንዴ ሌላ ጨርቅ?» ስትለው፣ «የሚለሰልሰው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ» አለ፤ ይቅርታም አልጠየቀ። ለመስታወቱ የሚለሰልሰውን ሲመርጥ፣ ለእሷ ግን ስም እንኳ አልተረፋትም።

ቃል የሚያበዛ ሰው አልነበረም። እንደተጋቡ ሰሞን እሷ ከወንበር ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር የምትቀመጠው፤ ልትሄድ የተነሳች ይመስል። እሱ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ያያትና፣ «እንግዳዬ፣ ቦርሳሽን አስቀምጪ እንጂ፣ ቤትሽ እኮ ነው» ይላታል። ቦርሳውን ካስቀመጠች፣ ከወፈረች፣ ወንበሩንም ቤቱንም ከተቆጣጠረች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። «እንግዳዬ፣ ጨው የት ነው?» «እንግዳዬ፣ መነጽሬን አየሽው?» ሌላ የፍቅር ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

አዲስ ቲያትር በተከፈተ ቁጥር ይጋብዛታል፤ አብሯት ግን አይቀመጥም፣ ከኋላ ከመቆጣጠሪያው ጋር ነው። ማታ እየተመለሱ፣ «እንዴት ነበር?» ይላታል።

«ልጅቷ ጥሩ ተጫወተች። አስለቀሰችኝ።»

«መብራቱስ?»

«መብራቱንማ ልብ አላልኩትም።»

«ጎሽ!» ይላል ደስ ብሎት። «ልክ እንደሱ ነው የሚፈለገው።» ያ ሰው ስትረሳው ደስ የሚለው ሰው ነበር፤ አሁን እንዴት አድርጋ ትርሳው?

ለቅሶኛው እየሳሳ ሲመጣ እናት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆሙ።

«ተነሽ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ራሴን ላይ ነዋ። በስሜ የወጣ ነገር ሞተ ተብዬ ዝም ብዬ ልቀመጥ?»

«እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? በለቅሶ ቀን!»

«ለቅሶ ነው እንጂ እስር ቤት አይደለም። ባልሽ ከሞተ ጀምሮ ሥራው እንደተበታተነ ነው። አትመጪም ካልሽ ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ደረጃ ላይ ብወድቅ በአንቺ ነው።»

አልሄድም አለች፤ አልሄድም እያለች ጫማዋን አጠለቀች። በስሟ የወጣ መብራት አለመኖሩን በዓይኗ ካላረጋገጠች ልቧ እንደማያርፍላት ታውቀዋለች።

ቲያትር ቤቱ አቧራና የጋለ ብረት ይሸታል። መብራቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። አንዲት ሴት ሠራተኛ መስታወት ትወለውላለች፤ በእጇ ያለው ጨርቅ ሰማያዊ አበባ ያለበት የሌሊት ልብስ ነው። ሚስቱ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ ነቅላ ሌላ ቦታ አየች።

«ይቺ ናት?» አሉ እናት፣ ሆዷ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመችውን ትልቅ መብራት እያዩ። «ወፍራም ናት እንዴ!» እጃቸውን ወደ አምፖሉ ዘረጉ።

«አይንኩ እማማ! የጣት ቅባት ካረፈበት ሲግል ይፈነዳል።»

«በስሜ የተሰየመችውን አልነካም?»

«ጋሼም እንኳ በባዶ እጁ ነክቷት አያውቅም።»

ችግሩ ተገኝቶ ነበር፤ አምፖሉ ደህና ነው፣ መያዣው ሥር ያለው ሽቦ ግለት በልቶት ተበጥሷል። ገመዶ ቀየረው፣ ሆዷን ዘጋ፣ ቧንቧው ላይ ሰቅሎ የመጠበቂያ ሰንሰለቷን አሰረላት። ስትበራ እናት «እሰይ! ተነሳሁ!» ብለው አጨበጨቡ።

ገመዶ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ወደ አስተባባሪዋ ጮኸ። «ቶሎ በይ፣ እንግዳ ላይ ቁሚልኝ!»

ሚስቱ ዞር አለች። «ምን ላይ?»

«እንግዳ ላይ» አለ ገመዶ፤ በጣቱ መድረኩ መሃል በነጭ ፕላስተር የተሠራች መስቀለኛ ምልክት አሳያት። «ያቺ እንግዳ ትባላለች፣ እትዬ። እያንዳንዱ መብራት ጸድቶ ሲሰቀል መጀመሪያ እሷ ላይ ነው የሚነጣጠረው። ከእሷ ተነስቶ ነው ሌላው ሁሉ የሚለካው። እንግዳ ከጠፋች ሁሉም ይጠፋል።»

«ማነው እንግዳ ያላት?»

«የሙያ ቃል ነዋ! ጋሼ ነው ያስተማረን። ማለቴ…» ራሱን አከከ። «እንዲያውም አንድ ጊዜ ሌላ ቲያትር ቤት ሄጄ፣ እንግዳችሁ የት ነው ብላቸው ገና አልመጣም ብለው ወንበር ሰጡኝ። እነሱ ሙያውን የማያውቁ መስሎኝ ነበር።»

አስተባባሪዋ ሳቀች። እናት ግን አልሳቁም።

«እንግዳማ እሷ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «ከተጋቡ ጀምሮ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።»

ገመዶ መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ። «ይሄን ሁሉ ዓመት?» አለ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እሳቸው ላይ ቁሙ እያልን ስንጮህ?»

ሚስቱ አልሰማችውም። የመድረኩን ደረጃ እየወጣች ነበር፤ ማንም ውጪ አላላትም፣ ማንም አልከለከላትም። ምልክቷ ጠርዟ በጫማ ተፍቋል፣ ተደጋግሞ በላዩ አዲስ ተለጥፎበታል። ሁለት እግሯን ገጥማ ቆመችበት። እንባዋ ሳትጠራው መጣ፤ ተወችው ይውረድ።

«በል፣ አምጣው» አለች።

ብርሃኑ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ተንሸራቶ መድረኩ ላይ ወጣና መጣላት። ገመዶ ጥቂት ወዲህ፣ ጥቂት ወዲያ አደረገው። ደግሞ መለሰው። ደግሞ ቆመ።

«ምነው?»

«እትዬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥቁር ነገር ብርሃን ይበላል። ሻሹ ፊትዎን አጥልቶብኝ፣ ልክ መሆኔ አይታየኝም። ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ይቁምልኝ።»

«ማንም አይቆምም።»



ሚስቱ የሐዘን ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ በእጇ ያዘች። ከቀብሩ ወዲህ ማበጠሪያ ያልነካው ፀጉሯ አንድ ላይ ተጨፍልቆ ወጣ፣ ሽበቱም አብሮ። በመዳፏ ግራና ቀኙን ደልደል አደረገች፣ ግንባሯ ላይ የወረደውን ከጆሮዋ ኋላ አስገባች፣ አንገቷንም ቀና አድርጋ ብርሃኑ እስኪያያት ቆመች።