የሕንፃው ሰዓት

እቴቴ ቀኑን ሙሉ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፣ የሞተውን ሰው ሁሉ ደህንነት ይጠይቃሉ። ነገር የሚመጣው ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ያኔ ነጠላቸውን ያጣፉና ይነሳሉ። «በሉ፣ ቤቴ ልሂድ» ይላሉ። ያሉት እኮ እዚያው ቤታቸው ውስጥ ነው፤ አብነት ሰፈር፣ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት። ይህን ላስረዳ ያለ ሰው ግን እስኪነጋ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ልጃቸው ፍቅርአዲስ መርካቶ ውስጥ፣ አንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ትሸጣለች። ቀን ቀን እናቷን የምትጠብቅላት ጎረቤቷ በለጥሻቸው ናት። በለጥሻቸው የማታ ሥራዋ ምግብ ቤት ስለሆነ አስራ አንድ ተኩል ላይ ካልወጣች አትደርስም። ፍቅርአዲስ ደግሞ ሱቋን በአስራ ሁለት ዘግታ፣ በዚያ በታክሲ ሰልፍና ግፊያ፣ ከአስራ ሁለት ተኩል በፊት ቤት አትገባም። በመካከል የምትቀረውን አንድ ሰዓት እቴቴ ከውጭ ተቆልፎባቸው ያሳልፏታል።

ፍቅርአዲስ ወደ ግቢው ስትታጠፍ ከሁሉ በፊት የምትሰማው በሩን ነው። እቴቴ አይጮኹም። በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ይመቱታል፤ ባለቤቶቹን እንዳይረብሽ እንደሚጠነቀቅ እንግዳ።

ቀደም ብላ እንዳትዘጋ የሕንፃው ነጋዴዎች ማኅበር ደንብ አለው። አንድ ሱቅ ከሰዓቱ በፊት ከተዘጋ ኮሪደሩ ይጨልማል፣ ኮሪደሩ ከጨለመ ገዢ ይሸሻል፣ ይላል ደንቡ። ስለዚህ የዘጋ ሰው ሱቁ ለሳምንት ይታሸጋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ የታሸገበት ሱቁን ይለቃል። የፍቅርአዲስ ሱቅ ሁለቴ ታሽጓል። የሕንፃውን በር የሚጠብቀው አሸብር ደግሞ ከራሱ በላይ ከተሰቀለው ትልቅ ክብ ሰዓት ሌላ አለቃ አያውቅም። ገዢ እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ነጋዴ ግን ሰዓቱ ሳይሞላ ካለፈ አሸብር ስሙን ይጽፋል። ዘመዱ ቢሆንም ይጽፋል፤ ያውም ከነአባቱ ስም።

በጥር ወር ስብሰባ ላይ ፍቅርአዲስ እጇን አወጣች።

«በአስራ አንድ ሰዓት ብንዘጋስ?»

ሳቁ ቶሎ አልቆመም። «በአስራ አንድ የሚዘጋው የመንግሥት ቢሮ ነው» አለ ማሙሸት፣ ምድር ቤት ጨርቅ የሚያከፋፍለው። «ለዚያውም ከፍቶ ከሆነ።»

ሊቀመንበሩ ጋሼ ምንይሉ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና «ነጋዴ የሚዘጋው በአስራ ሁለት ነው፣ ፍቅርአዲስ። አባቶቻችንም የዘጉት በአስራ ሁለት ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። የሚቀጥለው አጀንዳ ሽንት ቤት ነበር።

ያን ቀን ማታ በታክሲ ስትሄድ ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዳንድ አገር ሰዎች ማታ ብርሃን እንዲያገኙ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ አሉ። አንደኛው፣ ሰው በብርሃን ቤቱ ይገባል ይላል፤ ሁለተኛው የሰው እንቅልፍ ይቃወሳል ይላል። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ክርክሩን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማን እንዳሸነፈ አልገባትም። እሷን የገባት ሌላ ነገር ነው።

በየካቲት ስብሰባ እንደገና እጇን አወጣች።

«እንደ ሠለጠነው አገር የሕንፃውን ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ብንገፋውስ? የምንዘጋው ያው በአስራ ሁለት ነው። ብርሃን ግን ይኖራል።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

«ስልኬስ?» አለ ማሙሸት።

«ስልክህን ኪስህ ክተት። የሕንፃው ሰዓት ነው የተባለው» አሉ ጋሼ ምንይሉ። ሠለጠነ የሚለው ቃል ደስ ብሏቸዋል።

ከፍቅርአዲስ ፊት ለፊት ሻርፕ የምትሸጠው ሀፍሷ ግን ዝም አላለችም። «እኛ እኮ ቀኑን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ነው። ሰዓቱን ስትገፉት ፀሐይዋንም ልትገፏት ነው? እኔ መግሪብን የምሰግደው ሰማይ አይቼ ነው።»

«ፀሐይዋን ማን ነካት?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ታዲያ ይሄ በአስራ አንድ መዝጋት ማለት አይደለም?»

«አይደለም» አሉ ጋሼ ምንይሉ ኮስተር ብለው። «በአስራ ሁለት ነው የምንዘጋው።»

ሀፍሷ ወደ ፍቅርአዲስ ዞረች። ፍቅርአዲስ ጫማዋን ታያለች። ሀፍሷ የእቴቴን ነገር ታውቅ ነበርና ነገሩን ተወችው። ለድምፅ እጅ ሲወጣ መጀመሪያ የወጣው የፍቅርአዲስ ነው። አሸብር መሰላል አስደግፎ ወጣና የሰዓቱን ዘንግ አዞረ፤ ሲወርድ ለሰዓቱ እንደ ወታደር ሰላምታ የሚሰጥ ይመስል ነበር።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖሩ። ፍቅርአዲስ በለጥሻቸው ሳትወጣ ትደርሳለች። እናትና ልጅ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እቴቴ ተነስተው «ቤቴ ልሂድ» ሲሉ ፍቅርአዲስ አታስረዳም። «እሺ እማ፣ እንሂድ» ትልና ክንዳቸውን ይዛ በሰፈሩ ዙሪያ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ወፍጮ ቤቱን ይዞራሉ፣ በጋራዡ ጀርባ ያልፋሉ፣ ተመልሰው ያው በር ላይ ይደርሳሉ። «ደረስን» ትላለች። እቴቴ በሩን ያዩታል። «እሰይ፣ ቤቴ» ብለው ይገባሉ፤ ይተኛሉ። መንገዱ ጉድባ ስለሆነ በጨለማ አይሆንም። በብርሃን ግን ይሆናል።

ሕንፃው ውስጥም ሰው ለምዶ ነበር። ቀጠሮ ሲሰጡት «በሕንፃ ነው በፀሐይ?» ብሎ ይጠይቃል።

በአራተኛው ሳምንት ጋሼ ምንይሉ በሕንፃው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ደጅ ብቅ አሉ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ናት። ጎረቤት ሕንፃ ገዢ ይጋፋል። ዞር ብለው የራሳቸውን ሕንፃ አዩት፤ ሱቁ ሁሉ ተከርችሟል።

«ፀሐይ እያለች ሱቅ ይዘጋል? ምን ነክቶን ነው?» አሉ።

በማግስቱ መዝጊያው በሕንፃው ሰዓት አንድ ሰዓት ሆነ።

ፍቅርአዲስ ቢሯቸው ድረስ ሄደች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የድሮው አስራ ሁለት ነው። እንግዲያው ሰዓቱን እንመልሰው።»

«የምን መመለስ ነው? ጠዋት ቀድመን መክፈታችንን እኮ ገዢ ወዶታል። እሱን መንካት ነውር ነው።»

«ታዲያ ሥራው በአንድ ሰዓት ረዘመ።»

«ያንቺን ሐሳብ እኮ ነው ያሳደግነው» አሏት፣ በእውነት እያመሰገኗት።

ያን ዕለት ወደ ግቢው ስትታጠፍ በሩን ሰማችው። በሳምንቱ የእቴቴ መዳፍ በልዞ አገኘችው። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ይዛቸው ወጣች።

እቴቴ ሱቁን ወደዱት። የልብስ ቁልፍ በየቀለሙ ሲለዩ ዋሉ፤ ሀፍሷ ሻርፕ አለበሰቻቸው፤ ማሙሸትን የማን ልጅ እንደሆነ አራቴ ጠየቁት፣ አራቴም ነገራቸው። ከዚያ በኮሪደሩ ጫፍ ያለው መስኮት ደበዘዘ። እቴቴ ነጠላቸውን አጣፉ።

«በሉ፣ ቤቴ ልሂድ።»

ፍቅርአዲስ ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። በኮሪደሩ ልታዞራቸው ነበር ያሰበችው። እቴቴ ግን በሩን አይተውታል።

ሰዓቱ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። አሸብር ከወንበሩ ተነሳ።

«እርስዎ ይለፉ እቴቴ፣ ነጋዴ አይደሉም። እሷን ነው የማላሳልፋት።»

«አሸብር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ነው» አለች ፍቅርአዲስ።

«ብጽፍሽ ሦስተኛሽ ነው። አታስጽፊኝ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያላት።

እቴቴ ቀና ብለው ክቡን ሰዓት አዩት፤ በበሩ በኩል ሰማዩንም አዩት። «ይሄ የማን ሰዓት ነው? ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም እኮ።»

«የሕንፃው ነው» አለ አሸብር። ትንሽ አሰበና፣ ውሸት ስለማይወድ፣ «ያስቀየረችው እንኳ እሷ ናት» ብሎ ጨመረ።

እቴቴ ወደ ፍቅርአዲስ ዞሩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ በደንብ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት።

«አይዞሽ» አሏት። «እኔም ሁልጊዜ ይቆልፉብኛል። ትንሽ በሩን መታ መታ አድርጊ፤ ሲመሽ ልጄ ትመጣለች። እሷ ትከፍትልናለች።»

የአሸብርን ወንበር ሳቡና ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ፍቅርአዲስ አጠገባቸው ተቀመጠች። የተባለችውም ልጅ እስክትመጣ አብረው ይጠብቁ ጀመር።