የድልድዩ ሙታን ቁጥር

በጋዜጠኝነቱ ዘመን «መርፌው» ይሉት ነበር፤ ሳይወጋ አይጽፍምና። ሥራውን ያስተማሩት ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ዋና አዘጋጁ ናቸው። «ወሬ ክንፍ አለው፣ እውነት ግን በእግር ነው የሚሄደው» ይሉት ነበር። «ሰው ሞተ ሲሉህ ሄደህ በዓይንህ ቁጠር።»

መርፌው በእግሩ ሄዶ የጻፈው ዘገባ አንድ ባለሥልጣን ከወንበሩ አወረደ። በዓመቱ ገዥው ፓርቲ «ከውጭ ከሚወጋን ገብቶ ይስፋልን» ብሎ ጠራው። ቃል አቀባይ ሆነ፣ ምክትል ሆነ፣ በመጨረሻም የማስታወቂያ ሚኒስትር።

በተሾመ በሦስተኛው ክረምት፣ ተሠርቶ ካለቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው የወንዙ ድልድይ ተደረመሰ። የድሮ ልማዱ አልለቅ ብሎት ራሱ ሆስፒታል ደወለ። አስራ ሰባት ሞተዋል። ከበላይ የመጣው ወረቀት ግን ሦስት ይላል። ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሦስት» አለ።

በማግስቱ የጋሼ ጋዜጣ አስራ ሰባት ብሎ አወጣ። ሳምንት ሳይሞላው «ሐሰት አሠራጭቷል» ተብሎ ተዘጋ፤ የመዝጊያውን ትእዛዝ የፈረመው መርፌው ነው። ጋሼ ሊያነጋግሩት መጥተው ግማሽ ቀን ደጅ ሲጠኑ ቆዩ። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ ስትሸኛቸው፣ እሱ ከበሩ ወዲያ ሆኖ ድምፃቸውን ይሰማ ነበር።

ሹመት የጠዋት ጤዛ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ መነሣቱን እንደማንኛውም ሰው ከሬዲዮ ሰማ። ሲያቃጭል የኖረው ስልኩም ጭጭ አለ። ያኔ ጋሼ ቤት ሄደ። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ለአንድ ማተሚያ ቤት የሰርግ ጥሪ ወረቀት ያርማሉ።

«ና ተቀመጥ፣ ልጄ። ከስተሃል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኔ ቁጥሩን ታውቅ ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለ።

ሽማግሌው የሚያርሙትን ወረቀት አስቀመጡ። «እኔ እኮ ሰው ሁሉ ሲረግምህ፣ አሳስተውት ነው እያልኩ ስሟገትልህ ኖርኩ። ከባለቤቴ ጋር ሳይቀር ባንተ ምክንያት ተጣልቻለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «አሁን ልጻፈው?»

«ጻፈው እንጂ።»

«ማን ያትምልኛል?»

«እሱንማ ሳትፈርም በፊት ነበር ማሰብ!» ብለው ወደ እርማታቸው ተመለሱ።

ቤቱ ገብቶ ሊጽፍ ተቀመጠ። አንድ ዐረፍተ ነገር እንደሄደ ብዕሩ ቆመ። ቁጥሩን እንጂ የአንዳቸውንም ስም አያውቅም። ጠይቆም አያውቅ።

በነጋታው ወደ ወንዙ ሰፈር ወረደ። የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ሴት ገና ሰላምታውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሦስት ያልከው አንተ ነህ።»

«ነኝ፣ እናቴ።»

«የኔ ልጅ ከሦስቱ ነበረች ወይስ ከቀሩት?»

ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ሴትየዋ እንዳይሳሳት ብለው የልጃቸውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፉት። «ግባ» ግን አላሉትም።

ሲያንኳኳ ዋለ። ስድስት ስም አገኘ። ከቀሩት አንዳንዶቹ በር ዘጉበት፤ ሌሎቹ ሰፈሩን ለቀዋል፣ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዳል። ጋሼ ባገኙት ቁጥር «ስንት ደረስክ?» ይሉታል።

«ስድስት» ይላል፣ መሬት መሬት እያየ።